ቮልሴን ከጣሊያን ላመጡልኝ መካኒክ ምስጋና፣ አሮጌ መኪና ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሰላም ወገኖች። ይህን ምስጋና የምጽፈው ሦስት ወር ዘግይቼ ነው። ቃል የገባሁት መኪናዬ ታርጋ ያገኘች ዕለት ነበር። የማታ ተረኛ ስለሆንኩ ግን ቀኑ በእንቅልፍ ያልቅብኛል። ዛሬ እረፍት ነኝ፤ ቡናዬን አፍልቼ ተቀምጫለሁ።

ማመስገን የምፈልገው አንድ ትልቅ ሰው፣ አንድ መካኒክ ነው። ከፍራንክፈርት ወጣ ብሎ ትንሽ ጋራዥ አላቸው። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ለምነውኛል። ስለዚህ እንደምጠራቸው "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ይህን ፈቅደውልኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባዬ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው። አራት ልጆች ከኋላ እንጫናለን። ዳገት ስንወጣ እናቴ "በስመአብ" ትላለች። ቮልሷ የተሸጠችው ለታላቅ ወንድሜ ሕክምና ነው። አባዬ ያን ቀን ምሳ አልበላም። እኔም አውሮፓ ከገባሁ ጀምሮ "አንድ ቀን ቮልስ እገዛለሁ" እያልኩ ኖርኩ። ባለፈው ዓመት ትንሽ ገንዘብ ቋጠርኩና ፍለጋ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያገኘኋት ስዊዘርላንድ ውስጥ ነበረች፤ ዙሪክ አጠገብ። ቀይ ናት። ፎቶዋ ያሳሳል፣ ዋጋዋም ደህና ነው። ሻጩ "ዛሬ ቀብድ ካልላክሽ ለሌላ ሰው እሰጣታለሁ" እያለ ይነዘንዘኛል። ልልክ ስል አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህታችን "ቆዪ፣ መጀመሪያ ለጋሼ አሳዪያቸው" አለችኝ። ለእሷም ምስጋናዬ ይድረሳት።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ስለ ሞተሩ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ "ሊብሬው የታለ?" አሉኝ። ከዚያ "የሻንሲ ቁጥሩን አንስቶ ይላክልሽ። የኋላው ወንበር ሲነሳ መሐል ያለው ጉብታ ላይ ተቀርጿል" አሉ። ሻጩ ሁለት ቀን አንገራግሮ ላከው። ሊብሬው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አይገጥምም። በአንድ አኃዝ ይለያል።

"ልጄ፣ ይቺን ተያት" አሉኝ። እኔ ግን ልቤ ስለተሰቀለ ተከራከርኳቸው። አልተቆጡም። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና የጉምሩኩን ነገር አስረዱኝ። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። ከዚያ የሚመጣ መኪና ጀርመን ሲገባ ይቀረጣል። ተራ መኪና ከሆነ ቀረጡ 10 በመቶ ነው። በላዩ ላይ 19 በመቶ ታክስ ይመጣል። ዕድሜው ቢያንስ 30 ዓመት የሆነ፣ እንደተሠራ የቆየና ሞዴሉ መመረት ያቆመ መኪና ግን እንደ ቅርስ ሊታይ ይችላል። ያኔ ቀረጡ ዜሮ ነው፤ ታክሱም 7 በመቶ ብቻ። "ይቺ ግን ጣሪያዋ ተቆርጧል፣ ሞተሯም የራሷ አይደለም። ጉምሩክ 'ተለውጣለች' ብሎ ሙሉውን ቢያስከፍልሽ ምን ትያለሽ?" አሉኝ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ያቺን መኪና ብገዛት የምትጠገነው እሳቸው ጋ ነበር። ብዙ ሥራ ነበራት። ብዙ ገንዘብም ያገኙባት ነበር። እሳቸው ግን አትግዢ አሉኝ። ስንት እንደምከፍል ስጠይቃቸው "ምን ሠራሁና?" ብለው ቡና ጋበዙኝ። እኔ ጋሼን ያመንኳቸው ያን ቀን ነው።

ሁለተኛዋ የተገኘችው ከሁለት ወር በኋላ፣ ጣሊያን ቦሎኛ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. የ1972 ሥሪት ናት። ባለቤቷ ከአዲስነቷ ጀምሮ የያዟት አንድ አዛውንት ናቸው። ጋሼ "በፎቶ መኪና አይገዛም" ብለው አብረን ሄድን። የነዳጁን እኔ ቻልኩ፤ የቀናቸውን ደግሞ አስቀድመን ተስማምተናል።

የያዙት ዕቃ ሦስት ነው። የእጅ ባትሪ፣ መሬት ላይ የሚተኙበት አሮጌ ምንጣፍ፣ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት። ማግኔቱን ከፓራፋንጎው ጀምረው በላሜራው ላይ ቀስ እያደረጉ አስኬዱት። ላሜራ ያለበት ቦታ ይይዛል። ዝገትና ጉድጓድ የሚደፈንበት ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ግን ይለቃል። ከግራው በር በታች አንድ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ለቀቀ። ጋሼ ዝም ብለው በጠመኔ ከበቡት። ከዚያ ምንጣፋቸውን አንጥፈው ከሥር ገቡ። ቮልስ የምትበሰብሰው ከበሮቹ ሥር ባለው ሙቅ አየር በሚያልፍበት ቦይ ነው። ሌላው ቦታ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል ነው። ወለሉን በጣታቸው እየተጫኑ "ደህና ነው... ደህና ነው... እዚህ ጋ ትንሽ" ሲሉ ይሰማኛል።

ቀጥሎ የሆነውን መቼም አልረሳውም። ጋሼ ጣሊያንኛ አያውቁም። አዛውንቱ ደግሞ ጀርመንኛ አይችሉም። ስልኬን አውጥቼ ላስተረጉም ስል ጋሼ የኋላውን ኮፈን ከፍተው "ካንዴላ?" አሉ። ሽማግሌው "ካንዴላ!" ብለው ሳጥን ሙሉ አዲስ አመጡ። ጋሼ እግራቸውን ረገጥ አድርገው "ፍሪሲዮን?" ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን አነሱ። "ካምቢዮ?" ሽማግሌው እጃቸውን ወዲያና ወዲህ አወዛወዙ፤ ሁለተኛው ማርሽ ይንገራገራል ማለታቸው ነው። "ማርሚታ?" "ኑዎቫ፣ ኑዎቫ!" የጭስ ማውጫው አዲስ ነው። "ሊብሬ?" ሲሏቸው ቤት ገብተው በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ይዘው ወጡ። እነዚህ ቃላት ወደኛ ጋራዥ ከየት እንደመጡ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ሽማግሎች ሲግባቡባቸው ሳይ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የሻንሲው ቁጥር ገጠመ። ዋጋው በጠመኔ የተከበበው ቦታ ታይቶ ቀነሰ። ጋሼ ግን ገንዘቡን አሁን አትስጪ አሉኝ። መጀመሪያ መኪናዋ ከጣሊያን መዝገብ ወደ ውጭ አገር ለመውጣት ተብሎ መሰረዝ አለባት። ስረዛው የተጻፈበት ወረቀት፣ ዋናው ሊብሬና ሁለታችን የፈረምንበት የሽያጭ ውል በእጄ ሲገባ ያን ጊዜ ልክፈል። ቀብድ ብቻ ሰጥተን ተመለስን። ከወር በኋላ ወረቀቱ አለቀና ተጎታች ይዘን ሄድን። ሁለቱም አገሮች ኅብረቱ ውስጥ ስላሉ ጉምሩክ የሚባል ነገር የለም። መኪናዋ አሮጌ ናት፣ የተገዛችውም ከግለሰብ ነው፤ ስለዚህ ታክስም አልመጣብኝም።

በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር ባለው የብሬነር ተራራ መተላለፊያ በኩል ተመለስን። ኦስትሪያን ለሚያቋርጥ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መስታወት ላይ የሚለጠፈው የመንገድ ክፍያ ለብሬነሩ አውራ ጎዳና አይሠራም፤ እሱ ለብቻው ይከፈላል። እኔ አንዱ ለሁሉም የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

ጀርመን ከገባች በኋላ ሥራው አምስት ሳምንት ወሰደ። ሁሉንም ብዘረዝር አያልቅም፤ ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ። አንዱ የቤንዚን ቱቦ ነው። ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ጋሼ ቆርጠው አወጡና ፊቴ አጠፉት። እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰነጠቀ። "ቮልስ የሚያቃጥላት ይሄ ነው" አሉኝ። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ቱቦው ሲያፈስ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው በጋለ ሞተር ላይ ነው። የዛሬው ቤንዚን ኢታኖል አለበት፣ አሮጌ ጎማ ይበላል። ይህን የሚችል አዲስ ቱቦ አስገቡልኝ። እኔም አሁን 10 በመቶ ኢታኖል ያለበትን ቤንዚን አልቀዳላትም።

ሁለተኛው የባትሪ ክዳን ነው። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ናት አላልኳችሁም? ወንበሩ ደግሞ የሽቦ ስፕሪንግ አለው። ክዳን ከሌለ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ የባትሪውን ጫፍ ይነካል፤ እሳት ይነሳል። የእኔዋ ክዳን ጠፍቶ ነበር። ጋሼ እኔ ሳልጠይቃቸው ፈልገው ገጠሙላት። ሒሳቡ ላይ ጥቂት ዩሮ ናት። እኔ ግን ያንን ወንበር ባየሁ ቁጥር የእህቴ ልጆች ተቀምጠውበት ይታዩኛል።

ጋሼ ወደ ቱፍ (የጀርመን የመኪና ቴክኒክ ምርመራ) ሲወስዷት በመጀመሪያው ቀን አላለፈችም። የኋላው ፍሬን ግራና ቀኝ እኩል አልያዘም። ጋሼ ደውለው ይህን ነገሩኝ፤ ምክንያት አላበዙም። "የኔ ጥፋት ነው፣ ደግሜ ማየት ነበረብኝ" አሉ። በአራት ቀን አስተካክለው መለሷት። የዚያን ሥራም የድጋሚ ምርመራውንም አላስከፈሉኝም። ከዚያ በፊት ለሌላ መኪናዬ የሄድኩበት አንድ ጋራዥ ራሱ ያበላሸውን ደግሞ አስከፍሎኝ ያውቃል፤ ስለዚህ ይህን ነገር አቅልዬ አላየውም።

አሁን ታርጋዋ መጨረሻ ላይ "ሃ" የሚባለው የጀርመኖቹ ፊደል አለበት። ይህ 30 ዓመት ለሞላቸውና በደንብ ለተያዙ መኪኖች የሚሰጥ ነው። የዓመት ግብሯ 191 ዩሮ ከ73 ሳንቲም ነው። ያለዚያ ታርጋ እንደ እኔዋ ዓይነት ባለ 1300 ሞተር፣ የጭስ ማጣሪያ የሌላት መኪና ከ320 ዩሮ በላይ ትከፍላለች። የጭስ ቁጥጥር ወዳለበት የከተማ ክልልም ያለ አረንጓዴ ምልክት ትገባለች።

ሒሳቡን ያገኘሁት በደረሰኝ ነው። የወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ በከረጢት ተሰጠኝ። ያ የተሰነጠቀ ቱቦ አሁንም ቤቴ አለ።

ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ጥቂት ልጨምር። ከእንግሊዝ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ከእ.ኤ.አ. 2021 መጀመሪያ ወዲህ እንግሊዝም እንደ ስዊዘርላንድ ጉምሩክ አላት። መሪው በቀኝ ስለሆነ የፊት መብራቱም መቀየር አለበት። ስዊድን ያላችሁ፣ እዚያ 30 ዓመት ያለፈው መኪና ከዓመት ግብር ነፃ ነው። ኔዘርላንድ 40 ነው። የአንዱ አገር ሕግ ለሌላው ስለማይሠራ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ያላችሁበትን አገር ሕግ ጠይቁ። "ለምን ለአባትሽ አትልኪለትም?" ለምትሉኝ ደግሞ፣ አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ቢፈቀድማ ምን ነበረበት።

ስለ ጋሼም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ቸኩላችሁ ከሆነ አይሆኑላችሁም። ብቻቸውን ነው የሚሠሩት፤ ወረፋው ወር ያልፋል። ቀለም አይቀቡም። ኮምፒውተር የበዛባቸውን አዳዲስ መኪኖችም አይቀበሉም፣ "ወደሚያውቁት ሂዱ" ይላሉ። ስልክ የሚያነሱት ከሥራ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደጉት። እዚህ መጥተው ደግሞ ከዜሮ ተምረው የማይስተርነት (የጀርመን የዋና ባለሙያ ማዕረግ) ወረቀታቸውን ይዘዋል። ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል፤ እሳቸው ግን ካልጠየቃችኋቸው አያወሩትም።

መኪናዋን የተረከብኩ ዕለት ለአባዬ በቪዲዮ ደወልኩለት። ሞተሯን አስነስቼ ስልኩን ወደ ኋላው ኮፈን አስጠጋሁ። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አዳመጠ። ያለቀሰ መስሎኝ ነበር። ከዚያ "ቫልቩ ትንሽ ይጮሃል፤ አስለኪው" አለኝ።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ሳቁ። የቫልቩ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ አዲስ ከተስተካከለ በኋላ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሊለወጥ እንደሚችል አስረዱኝ። "አባትሽ ልክ ናቸው። 500 ሲሞላት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ አምጪያት። ስለካም ስልኩን ክፈቺላቸውና ይዩ" አሉኝ።

ትናንት 500 ሞላች። ቅዳሜ በጠዋት እሄዳለሁ፤ አባዬም ስልኩን ቻርጅ አድርጎ እየጠበቀ ነው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።