ቀኗ የተዛባ ያገለገለች ጂፒኤስ፦ ትገዛለች?

ገጠር እየዞርኩ ምንጭና የውሃ ጉድጓድ እመዘግባለሁ። ለዚሁ ሥራ መርካቶ ያገለገለች የእጅ ጂፒኤስ ገዛሁ። ሻጩ "ወንድሜ፣ ዴቷ ብቻ ነው እንጂ ሌላው ጤነኛ ነው" ብሎ ዋጋውን ቀነሰልኝ። እውነቱን ነው። ቀኗ 19 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ወደ ኋላ ቀርቷል። እኛ ከፈረንጅ በ7 ወይም በ8 ዓመት ነው የምንለየው፤ እሷ የራሷ ዘመን አላት።

ነገሩ ብልሽት አይደለም። ከሳተላይት የሚመጣው የጂፒኤስ ነባሩ ምልክት ሳምንት የሚቆጥረው ከ0 እስከ 1023 ብቻ ነው። ከዚያ ዜሮ ይላል፤ 1024 ሳምንት ማለት ያው 19 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ነው። መጨረሻ ዜሮ ያለው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2019 ነው። ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አሮጌ መሣሪያዎች ያኔ ቀን ጠፋባቸው።

ቦታ ላይ ግን በዚህ የተነሳ ዝንፍ አትልም። ለቦታ ዓመቱ ምን ያደርግላታል? የሚያስፈልጋት የሰከንድ ሽርፍራፊ ነው። ሳተላይቱ ምልክቱን ስንት ሰዓት እንደላከ ይነግራታል፤ እሷ የደረሰበትን ትይዛለች፤ ከልዩነቱ ርቀቱን ታወጣለች። ምልክቱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፣ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት 300 ሜትር ነው። ምንጩ ሌላ ቀበሌ ገባ ማለት ነው! ለዚህ ነው ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ የአቶሚክ ሰዓት ተሸክመው የሚዞሩት። እኔ እጅ ላይ ባለችው ውስጥ ያለው ግን እንደ ተራ የእጅ ሰዓት ርካሽ የኳርትዝ ሰዓት ነው። ስለዚህ ቢያንስ አራት ሳተላይት ካላየች አታምኗት፤ ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው የራሷን ሰዓት ለማረም።

ሜዳ ላይ ብትስት ከ3 እስከ 5 ሜትር ነው፤ ለኔ ይበቃል። ጀማ ሸለቆ ውስጥ ግን አስቸገረችኝ። ሰማዩ ጠባብ ነው፣ ምልክቱም ገደሉን መትቶ ስለሚመጣ ይዘገያል። የዘገየውን ሁሉ ርቀት አድርጋ ትቆጥረዋለች። ወጣ ብላችሁ ገላጣ ቦታ ላይ ያዙ።

ከርማ ስትከፈት ደቂቃዎች ትፈጃለች፤ አትቸኩሉ። ቁልፎቿ ደረቅ ናቸው። በሁለት የባትሪ ድንጋይ ነው የምትሠራው፣ የትኛውም የገጠር ሱቅ አይጠፋም። ስልኬ በሞተ ቀን ያኮራችኝ በዚህ ነው።

ሪፖርታችሁ ቀን ከጠየቀ በእጅ ጻፉት። ለይዞታ ወሰን ግን እንዳትሞክሯት። ሦስት ሜትር ጎረቤት ያካስሳል፤ ለዚያ የሚሆነው መሣሪያ ሌላ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም።