ወፍራም ምላጭ በቁጥር 4 መላጊያ ላይ፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

መላጊያው የስታንሊ ኩባንያን መላጊያ መስሎ የተሠራ ቁጥር 4 (የማለስለሻ መላጊያ መጠን) ነው፤ ፒያሳ ባለ ወርክሾፕ ዋንዛና ዝግባ ይላግበታል። አብሮት የመጣው 2 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ምላጭ ወጥቶ፣ 2.4 ሚሊሜትር የሆነ የኦ1 ብረት (በዘይት የሚጠነክር የመሣሪያ ብረት) ገባለት። ስፋቱ ያው 51 ሚሊሜትር ነው።

ልዩነቱ መጀመሪያ በእጅ ይታወቃል። ስሱ ምላጭ ጉጥ ላይ ሲደርስ ይርገበገብና እንጨቱን ያዥጎረጉረዋል፤ ወፍራሙ ረግቶ ያልፋል። ክሩ የተገላበጠ ዋንዛ እንዳይቦጨቅ ያደረገው ግን በዋናነት ምላጩ ላይ የሚደረበው ብረት ነው። ሁለቱን አጣብቃችሁ ወደ ብርሃን ያዙ፤ በመሃላቸው ብርሃን ካለፈ ፍቅፋቂ ይሰነቀርበታል። የተደራቢውን ብረት ከንፈር መስተዋት ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት፣ ኋላውን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አስተካክሉት። ከንፈሩ ለማጠናቀቂያ ከምላጩ ስለት 0.4 ሚሊሜትር፣ ለሻካራ ሥራ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ይራቅ።

ችግር የገጠመው አፉ ጋ፣ ማለትም ምላጩ በመላጊያው ሆድ የሚወጣበት ክፍተት ጋ ነው። ምላጩ ሲወፍር አፉ ይጠብና ፍቅፋቂ ይታፈናል። ምላጩ የሚያርፍበትን ተዳፋት ብረት ከልክ በላይ ወደ ኋላ መሳብ መፍትሔ አይሆንም፤ ምላጩ ድጋፍ ያጣና እንደገና ይርገበገባል። የአፉን የፊት ጠርዝ ብቻ በጠፍጣፋ ሞረድ፣ በየጥቂቱ እየለኩ መሞረድ ይሻላል። የኋላው አይነካ።

አሳሳሉ፦ 8 ሚሊሜትር መስተዋት፣ ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 400፣ 800፣ 1500፣ ከዚያ ቆዳ። ዋናው ማዕዘን 25 ዲግሪ፣ ጫፉ 30 ዲግሪ። ጫፉ ሲሳል ታጥፎ ከጀርባ በኩል እንደ ስስ ሻካራ ጠርዝ በጣት ካልተዳሰሰ ወደ ቀጣዩ ቁጥር አትለፉ። ጀርባው ሙሉ በሙሉ መስተዋት መምሰል የለበትም፤ ከስለቱ ጋ ያለው 1 ሴንቲሜትር ይበቃል። በሞተር ድንጋይ ስትስሉ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፤ ያ ክፍል ተሞርዶ መውጣት አለበት።

ኦ1 ዝገትን አይችልም። በክረምት ማታ ማታ በስፌት መኪና ዘይት ካልተወለወለ ቶሎ ነጠብጣብ ያወጣል።

አዲሱ ውድ ከሆነባችሁ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ፈልጉ፤ ግን ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ። ዝገት ስለቱ አጠገብ ጎድጓዳ ካበጀ፣ ጉድጓዱ እስኪያልቅ ካልተሞረደ በቀር ንጹሕ ስለት አይወጣውም።