ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የገዛኋት ሬዲዮ፣ ከወር በኋላ

አቦ ሬዲዮ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። ታይዋን ገብቼ ነው በ1,400 ብር ያነሳኋት፣ ሻጩ ልጅ ከ1,800 ነበር የጀመረው፣ ኤፍኤም ኤኤም ሾርት ዌቭ ሁሉም አላት፣ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ትሰራለች፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ለበርጫ ከሷ የተሻለ ጓደኛ የለም።

የከተማችንን ጣቢያ ድሬ ኤፍኤም 106.1ን ጥርት አድርጋ ትስባለች። ቀስቷ ግን ውሸታም ናት፣ 106.1 የሚመጣው 105 ላይ ስትቆም ነው ስለዚህ ቁጥሩን እርሱትና በጆሯችሁ ፈልጉ።

ልጁ "የዓለምን ሬዲዮ በሙሉ ትይዛለች" ብሎኝ ነበርና ሀረር አማቶቼ ጋ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፍቻት የደንገጎን ተራራ ስንወጣ የድሬው መንሾካሾክ ጀመረ ከዛ ሽሽሽ ብቻ፣ በቃ ተሸወድኩ ብዬ ልጁን ስረግመው አጠገቤ የነበሩ ጋሼ "ሬዲዮኗ ምን አደረገችህ ልጄ፣ ኤፍኤም ተራራ አይዘልም" አሉኝ። ለካ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ጣቢያውም ፍሪኩዌንሲና የማሰራጫ ጉልበት ተወስኖለት ለአካባቢው ነው የሚሰራው፣ እንደዛ ባይሆን 87.5 እና 108 መሀል ያለችው ጠባብ ቦታ ላይ ሁሉም እየተደራረበ ማንም አይሰማም ነበር። ሀረማያ ስንደርስማ የዩኒቨርሲቲው የማህበረሰብ ሬዲዮ ገባልን።

ጋሼ በዛው ቀጠሉ (ሬዲዮ ጣቢያ የሰሩ ሰው ናቸው መሰለኝ)፣ በ2013ቱ የሚዲያ አዋጅ ፈቃድ የሚሰጠው የመገናኛ ብዙኃን ባለስልጣን ነው፣ ጣቢያውም የህዝብ፣ የንግድ ወይ የማህበረሰብ ተብሎ ይለያል፣ የማህበረሰቡ ለትርፍ አይሰራም፣ የንግዱ ደግሞ እንጀራው ማስታወቂያ ነው አሉ። ከ2011 ወዲህ የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮም ከቲቪም የጠፋውም በሌላ አዋጅ ተከልክሎ ነው፣ እኔ እኮ ቢራዎቹ ገንዘብ ጨርሰው ይመስለኝ ነበር ሃሃ።

ኤኤሙን ቀን ላይ አትሞክሩት፣ ሌሊት ግን የዓረብ ጣቢያ ሳይቀር ባህር ተሻግሮ ይገባል፣ ጨለማ ሲሆን ሞገዱ ከሰማይ እየነጠረ ሩቅ ስለሚሄድ ነው።

ድምጿ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። አንቴናዋም በሦስተኛ ሳምንቷ ከስሯ ተነቀለች፣ ለልጁ ስወስድለት "አቦ ይሄ ዋስትና የለውም" ብሎ ሻዩን መጠጣት ቀጠለ፣ ከፊራ ገበያ አካባቢ በ100 ብር አስበየድኳት። ትንሽ ጨምራችሁ ቁጥር የሚያሳየውን ዲጂታሉን ውሰዱ፣ አንቴናውን ደግሞ ሳትከፍሉ በፊት ወዝወዝ አድርጋችሁ እዩት።