«የጥምዝ ችግኝ» ሲሏችሁ መጀመሪያ ቅጠሉን አገላብጡ

ጥምዝ ከመከለሻዬ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ አንድ የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ «ከቦንጋ ጫካ የመጣ የጥምዝ ሐረግ ነው» ሲለኝ ልቤ ቀለጠ። ለሦስት ችግኝ 1,800 ብር ከፈልኩ። ተሸወድኩ።

መጠራጠሩንስ ተጠራጥሬ ነበር። ሰውዬው ግን ቅጠል በጠስ አድርጎ «ቅመሺው» አለኝ። ቀመስኩት፤ ምላሴን አቃጠለኝ። «አየሽ? ጥምዝ ነዋ!» አመንኩት። ማታ ግን ከንፈሬ አብጦ ሲያሳክከኝ አደረ።

የገዛሁት ፖቶስ ነው። አዎ፣ ያ በየሳሎኑና በየቢሮው መደርደሪያ ላይ የሚንዠረገገው። ዝንጉርጉሩን ትቶ ሙሉ አረንጓዴውን ነው የሰጠኝ፤ እሱን እንኳ አስቦበታል። አገሩ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች ደሴት እንጂ ካፋ አይደለም። ቅጠሉ ውስጥ በዓይን የማይታዩ መርፌ መሰል ክሪስታሎች አሉ፤ ካልሲየም ኦክሳሌት ይባላሉ። አፍ የሚወጉት እነሱ ናቸው። እኔን አትዩ፤ የማታውቁትን ቅጠል አትቅመሱ። ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ድመት ካለ ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

የነቃሁት የጎረቤቴ አጎት፣ የቦንጋ ሰው፣ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ነው። ሳክሲያውን አዩና ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ ጫካችንን በሕልሙም አላየው።»

«ጅማቱን እዪ» አሉኝ። ጥምዝ (በሳይንስ ስሙ ፓይፐር ካፔንሴ) የልብ ቅርጽ ያለው ቅጠል አለው። ከቅጠሉ ግርጌ አምስት ወይም ሰባት ጅማቶች አብረው ተነስተው ወደ ጫፉ ጎበጥ ብለው ይሄዳሉ። ፖቶስ ግን መሃል ለመሃል አንድ ወፍራም ጅማት ነው ያለው፤ ሌሎቹ ከእሱ ጎንና ጎን ይወጣሉ። ግንዱንም ዳስሱት። የጥምዝ ቅጠል የሚወጣበት ቦታ እንደ ጣት አንጓ ያበጠ ነው። ከዚያ ቅጠሉን አሽታችሁ አሽትቱት፤ ቅመም ቅመም ይላል። የኔው ሣር ሣር ነው ያለው።

ፍሬ ካለውማ ነገሩ አለቀ። የጥምዝ ዘለላ ከቅጠሉ ትይዩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቁልቁል ከተንጠለጠለ ቁንዶ በርበሬ ሊሆን ይችላል። ዘመዱ ነው፣ ግን የህንድ ነው።

እውነተኛው ጥምዝ ቢሆንስ? ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2010 ከመዘገበው የካፋ ደን ተነቅሎ ከሆነ እሱም ሌላ ጣጣ ነው።

ሰውዬው ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። «ቀምሰሽ አይደል እንዴ የገዛሽው?» አለኝ። ብሬን አልመለሰም።