ዜሮ ተርን ሣር ማጨጃ በተዳፋት ግቢ፦ የአራት ዓመት ባለቤት ግምገማ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ ሲነዱ፣ የብሉ ሪጅ ተራሮች ከሩቅ መታየት በሚጀምሩበት የቨርጂኒያ ገጠር ሁለት ኤከር ተኩል ግቢ ያለው ቤት ከገዛን ስድስት ዓመት ሆነን። በአገራችን አለካክ አራት ጥማድ ያህል መሬት ነው። ጤፍም በቆሎም አይዘራበትም፤ ሣር ብቻ ነው የሚበቅልበት፤ ሣሩ ደግሞ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ድረስ ባለቤቱን አያስተኛም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት መሪ ባለው ተራ የሣር ትራክተር አጨድኩ። አንድ ዙር ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይፈጅብኝ ስለነበር፣ በሦስተኛው ዓመት ጸደይ ላይ ባለበት ቦታ የሚዞረውን፣ ዜሮ ተርን የሚባለውን ማጨጃ ገዛሁ። ዛሬ የሰዓት ቆጣሪው 160 ያሳያል። ይህን የምጽፈው ከከተማ ወጣ ብለው ሰፊ ግቢ የሚገዙ ወገኖቻችን እየበዙ በመሄዳቸውና የአብዛኛዎቹ ግቢ እንደ እኔ ተዳፋት በመሆኑ ነው።

የገዛሁት ማጨጃ የመቁረጫ ስፋቱ 52 ኢንች ነው፤ ባለ ሁለት ሲሊንደር 23 የፈረስ ጉልበት ሞተር አለው፤ ክብደቱ 360 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከወንበሩ ጀርባ ቢገለበጥ ነጂውን የሚከላከል የብረት ቅስት ቆሞለታል። ዋጋው ከታክስ ጋር ከ6 ሺህ ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። የሠሪውንም የሻጩንም ስም አልጠቅስም፤ ከዚህ በታች የማነሣው ቅሬታ የአንድ ኩባንያ ጥፋት ሳይሆን ከማሽኑ ዓይነት የሚመጣ ነውና።

መልካም ጎኑን በአጭሩ ልናገር። የቤቱ ፊት ለፊት ያለው መሬት ሜዳ ነው ለማለት የሚያስደፍር ሲሆን፣ እዚያ ላይ ይህን ማሽን የሚወዳደረው የለም። በዛፎቹ ሥር ይዞራል፤ ከአበባው መደብ ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ያልፋል፤ መስመር ጨርሶ ባለበት ቦታ ተሽከርክሮ ቀጣዩን ይጀምራል። በትራክተሩ ያመለጠኝን በእጅ መቁረጫ ለማስተካከል የማጠፋው ግማሽ ሰዓት ሙሉ በሙሉ ቀረልኝ። ሁለት ኤከር የሚሆነውን ታጫጅ ክፍል አሁን በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ እጨርሳለሁ። አቆራረጡም እኩል ነው፤ በዚህ አካባቢ የተለመደውን ፌስክዩ የተባለ ሣር በሦስት ኢንች ተኩል ከፍታ ሲቆርጠው ምንጣፍ ያስመስለዋል።

ችግሩ የሚጀምረው መሬቱ ማዘንበል ሲጀምር ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ማሽኑ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኛው ዜሮ ተርን መሪ የለውም፤ በመሪ ፈንታ ግራና ቀኝ ሁለት ዘንጎች አሉት። እያንዳንዱ ዘንግ የራሱን የኋላ ጎማ በዘይት ግፊት በሚሠራ የራሱ ፓምፕና ሞተር ያንቀሳቅሳል። ሁለቱን እኩል ሲገፉ ወደ ፊት ይሄዳል፤ አንዱን ገፍተው ሌላውን ሲስቡ ባለበት ይዞራል፤ ሁለቱን ወደ መሐል ሲመልሱ ይቆማል። ከእጅ ፍሬኑ በቀር ሌላ ፍሬን የለም፤ የእጅ ፍሬኑም ለማቆሚያ እንጂ እየሄዱ ለመያዝ የተሠራ አይደለም። የፊት ጎማዎቹ እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ በተገፉበት አቅጣጫ የሚንከባለሉ ናቸው፤ አይነዱም፣ አይመሩም፣ አይዙም። ስለዚህ መንዳትም፣ መምራትም፣ ማቆምም የተጣለው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ነው። ትራክተር ኋላው ቢንሸራተት እንኳ መሪው ከፊት ጎማዎቹ ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። ዜሮ ተርን ኋላው መሬት ከለቀቀ ግን ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ።

የክብደቱ አቀማመጥ ነገሩን ያባብሰዋል። ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ በሜዳ ላይ አብዛኛው ክብደት በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ ጥሩ የሚይዘውም ለዚህ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድልና፣ የኋላ ጎማዎቹ በጣም በሚያስፈልጉበት ሰዓት ይቀላሉ። አቀበት ሲወጣ ደግሞ በተቃራኒው ፊቱ ስለሚቀል፣ ዘንጎቹን በድንገት የገፋ ሰው አፍንጫው ከመሬት ሲነሣ ሊያይ ይችላል። የዚህ ማሽን ታሪክ ሲነሣ ከሚጠቀሱት ሰዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዛሬ ሀስለር በሚባለው ስም የሚታወቀውን ማጨጃ የሠራው ጆን ሬጊየር፣ የካንሳስ ሰው ነበር፤ ሜዳው ዓይን እስኪደክም በተዘረጋበት አገር የተወለደ ማሽን ተዳፋትን ባያውቅ አይገርመኝም።

እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት ከገዛሁ በኋላ ነው። ሻጩ ግቢዬ ኮረብታማ መሆኑን ስነግረው ማሽኑን ምንም ዳገት እንደማይበግረው አረጋገጠልኝ፤ እኔም የመመሪያውን መጽሐፍ የተዳፋት ገጽ ሳልከፍት ማጨድ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ዓመት ሜይ ወር መጨረሻ ላይ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረ አንድ ቅዳሜ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የቤቱን ጎን ወደ ጅረቱ እየወረድኩ ነበር። ፍጥነቱ ትንሽ በዛብኝና ዘንጎቹን ሳብኩ። ጎማዎቹ ቆሙ፤ ማሽኑ ግን አልቆመም። በሳሙና እንደታጠበ ሰሌዳ ላይ የተቀመጥኩ ይመስል ወደ ታች ይዞኝ ነጎደ። የፊት ጎማዎቹ ወደ ፈለጉበት ሲዞሩ፣ የማሽኑም ፊት ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሲዞር አየሁ፤ ከዚያ ጎን ለጎን እንደሚገለበጥ እርግጠኛ ሆኜ ነበር። ሰባት ሜትር ያህል ተንሸራትቶ፣ መሬቱ ከጅረቱ በፊት ረገብ በሚልባት ጠባብ ቦታ ላይ ቆመ። ሣሩ ተገሽልጦ የአካባቢያችን ቀይ ሸክላ አፈር በሁለት መስመር ወጥቶ ቀረ፤ መስመሮቹ በመስከረም እንደገና ዘር እስክዘራባቸው ድረስ ይታዩ ነበር። ከበረንዳው ሆኖ ሲያይ የነበረው የባለቤቴ የአክስት ልጅ ሮጦ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ቁልቁለት ለፍየል ይተዉላት» አለኝ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

ማታውኑ መመሪያውን ከፈትኩ። በዚህ ማሽን ከ15 ዲግሪ በላይ በሆነ ተዳፋት ላይ ማጨድ እንደማይገባ፣ የሣር መሰብሰቢያ ከተገጠመለት ደግሞ ወሰኑ ወደ 10 ዲግሪ እንደሚወርድ ተጽፏል። ከሌሎች ሠሪዎች መካከል ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ ወሰኑን 10 ዲግሪ ላይ የሚያቆሙ አሉ። ጎማ ከለቀቀ ቢላዎቹን አጥፍቶ፣ አቅጣጫ ሳይቀይሩ፣ ቀስ ብሎ በቀጥታ ወደ ታች መውረድ እንደሚገባም ይላል፤ እኔ ያደረግሁት የዚህን ተቃራኒ ነበር፤ ጎማዎቹን ባቆምኩ ቁጥር መንሸራተቱን አባባስኩት።

በነጋታው ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ ሣሩ ላይ አጋድሜ፣ የስልኬን የማዘንበል መለኪያ በላዩ አድርጌ ግቢውን በሙሉ ለካሁ። ይህ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ከመግዛቴ በፊት አድርጌው ቢሆን ኖሮ ሌላ ዓይነት ማሽን እገዛ ነበር። ፊት ለፊቱ 4 ዲግሪ፣ የቤቱ ጎን ከ9 እስከ 11፣ ከቤቱ ጀርባ እስከ ጅረቱ ያለው ደግሞ 17 እና 18 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሮቹ ለዓይን ትንሽ ይመስላሉ። 10 ዲግሪ ማለት ግን በአሥር ሜትር አግድም ርቀት ወደ 1 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር፣ 15 ዲግሪ ማለት ደግሞ 2 ሜትር ከ70 ገደማ ከፍታ ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሰው 15 ዲግሪ እንደ ጣሪያ ቁልቁለት ይሰማዋል። የተንሸራተትኩት ደግሞ በ11 ዲግሪው ላይ ነበር፤ ከወሰኑ በታች መሆን ብቻውን እንደማይበቃ፣ የሣሩ እርጥበት ከዲግሪው የማይተናነስ ዋጋ እንዳለው ያስተማረኝ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ የቤቱን ጎን የማጭደው ጤዛው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ፣ ከቀትር በኋላ ብቻ ነው። መቀመጫ ባለው ማጨጃ ተዳፋት የሚታጨደው ሽቅብና ቁልቁል እንጂ አግድም አይደለም፤ በእግር እየተከተሉ የሚገፉት ማጨጃ ግን እግር ስቶ ሰው ከሥሩ እንዳይገባ አግድም ይነዳል። ልዩነቱን ብዙ ሰው ያምታታዋል። በትንሹ ባዘነበለው ቦታ አግድም መሄድ ግድ ሲሆንብኝ የማሽኑ አፍንጫ ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሚሳብ፣ በቁልቁለቱ በኩል ያለውን ዘንግ ከሌላው ጥቂት ከፍ አድርጌ መግፋት አለብኝ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክንድ ይዝላል፣ መስመሩም አይቀናም። በመስመሩ ጫፍ ባለበት መዞርንም በተዳፋት ላይ ትቼዋለሁ፤ ወደ ኋላ ትንሽ ሸሽቶ በሦስት እንቅስቃሴ መዞር ሣሩንም ነጂውንም ያድናል። እንግዲህ ማሽኑ የተገዛበት ዋና ጥበብ በተዳፋት ላይ አይሠራም ማለት ነው።

በሁለተኛው ዓመት የኋላ ጎማዎቹን ጥርሳቸው ጠለቅ ባለ ጎማ ቀየርኩ። አያያዙ በግልጽ ተሻሻለ፤ ነገር ግን በሜዳው ክፍል ላይ ስዞር ሣሩን ይቦጭቀው ጀመር። ለውጡን አልጸጸትበትም፤ ይሁን እንጂ ጎማ መቀየር ወሰኑን ከፍ ያደርጋል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል፤ ማሽኑ ባይንሸራተትም ሊገለበጥ ይችላልና። ስለ መገልበጥ ካነሣሁ፣ የብረት ቅስቱ ቆሞ ሳለ ቀበቶ ይታሰራል፤ በዛፍ ሥር ለማለፍ ቅስቱ ሲታጠፍ ቀበቶው መፈታት አለበት፤ አለዚያ ማሽኑ ሲገለበጥ ነጂውን ከሥሩ አስሮ ያስቀረዋል። ስለዚህ ዛፍ ያለበትን ቦታ ከተዳፋቱ ለይቼ በመጨረሻ አጭዳለሁ።

ጥገናው ከትራክተር ብዙም አይለይም። ዘይትና ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የቢላዎቹ ስለትና ቺንጊያው በየጊዜው መታየት አለባቸው፤ እስካሁን አንድ ቺንጊያ ብቻ ቀይሬያለሁ። ለተዳፋት ገዢ በተለይ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው። አቀበት የሚወጣ ማሽን የኋላ ጎማዎቹን የሚነዱትን ፓምፖች ያለማቋረጥ ያስጨንቃል፤ ዘይታቸውም ይሞቃል። በርካሾቹ ሞዴሎች ላይ ይህ ዘይት እንዲቀየር ታስቦ አልተሠራም፤ ፓምፑ ሲደክም ሙሉውን አውጥቶ መተካት ነው። የራሱ ፊልትሮ ያለውና ዘይቱ የሚቀየር ማስተላለፊያ ያለውን ሞዴል ለመምረጥ የሚከፈለው ተጨማሪ ብር፣ በእኔ ግምት፣ ለትልቅ ሞተር ከሚከፈለው ይበልጥ ይጠቅማል። ሻጮች ግን የሚያወሩት ስለ ፈረስ ጉልበት ነው።

አማራጭ ለሚፈልግ፣ ካብ ካዴት የፊት ጎማዎቹም አብረው የሚታጠፉበት መሪ ያለው ዜሮ ተርን ይሠራል፤ በተዳፋት ላይ የፊቱ መሳብ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። ቬንትራክ የሚባለው፣ አራቱም ጎማ የሚነዳና ወገቡ ላይ የሚታጠፍ ትራክተር ደግሞ ጥንድ ጎማ ሲገጠምለት እስከ 30 ዲግሪ ይሠራል፤ ዋጋው ግን የመኪና ዋጋ ስለሆነ ለአንድ ቤተሰብ ግቢ አይመከርም። ከቤቱ ጀርባ ያለውን 17 ዲግሪ እኔ ከማጨጃው ውጭ አድርጌዋለሁ። የላይኛውን ጥግ በሚገፋ ትንሽ ማጨጃ አግድም እቆርጠዋለሁ፤ ወደ ጅረቱ የቀረበውን ሣር በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ በትከሻ በሚነገት መቁረጫ አወርደዋለሁ፤ በመሐሉ የዱር አበባ በቅሎበታል፤ ባለቤቴም ከምንጣፉ ይልቅ እሱን ትወደዋለች።

ባለፈው ጸደይ በስታፎርድ በኩል ቤት የገዛ አንድ ወዳጄ ልክ የእኔን ዓይነት ሊገዛ አስቦ ምክር ጠየቀኝ። ጣውላዬን መኪናው ላይ ጭኜ ሰደድኩለት። ማታ ደውሎ የግቢው ሁለት ሦስተኛ 16 ዲግሪ መሆኑን ነገረኝ፤ በሳምንቱ ያገለገለ የሣር ትራክተር ገዝቶ፣ ዳገቱን ለመገፋት ለሚሠራው ማጨጃ ተወለት። ጣውላዬን ገና አልመለሰልኝም።