የመተግበሪያ ፍሬምወርኮች ንጽጽር፦ ከስርዓተ ክወናው ጋር ያለው ትስስር ሲበላሽ የትኛው ይሻላል?

ለሞባይልና ለዴስክቶፕ የሚሆን መተግበሪያ በአንድ የጋራ ኮድ ለመሥራት ፍሬምወርክ (መተግበሪያ የሚገነባበት ዝግጁ ማዕቀፍ) የሚያማርጥ ሰው በብዛት የሚያገኘው ንጽጽር ስለ ፍጥነት፣ ስለ ገጽታ ውበትና ስለ ቋንቋው ቅለት የተጻፈ ነው። እነዚህ ነገሮች የራሳቸው ዋጋ ቢኖራቸውም የሥራውን ጊዜ የሚበላው ግን ካሜራው፣ ማሳወቂያው፣ ብሉቱዙ ወይም የክፍያ ኤስዲኬው (በሌላ ድርጅት የተዘጋጀ የኮድ ጥቅል) ከጋራው ኮድ ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ስድስት ፍሬምወርኮች በነፃ የሚገኙና ኮዳቸው ክፍት ስለሆነ መራጩ የሚከፍለው በባለሙያ ጊዜ ነው፤ ያንን ጊዜ አስቀድሞ ለመገመት ደግሞ መገጣጠሚያው ሲበላሽ ስህተቱ የት እንደሚታይ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚነበብና ማን ሊጠግነው እንደሚችል መጠየቅ ይበቃል።

በቢልድ ጊዜ፣ ማለትም ኮዱ ወደሚጫን መተግበሪያ ሲገነባ፣ የሚወጣ ስህተት፣ መልእክቱ የቱንም ያህል ረጅምና አስፈሪ ቢሆን፣ ከሁሉም የቀለለ ነው፤ መንስኤው በአብዛኛው የግሬድል (የአንድሮይድ መገንቢያ)፣ የጃቫ፣ የኤክስኮድ (የአፕል ማበልጸጊያ) ወይም የአንድ ፓኬጅ ስሪት አለመጣጣም ነው። ከዚያ የሚከብደው መተግበሪያው እየሠራ ሳለ የሚፈጠረው ነው። ከሁሉም የሚከፋው በአበልጻጊው ማሽን ላይ በዲበግ (በመሞከሪያ) ቢልድ ያለ እንከን ሠርቶ በሪሊዝ ቢልድ፣ ማለትም በተጠቃሚው እጅ፣ የሚወድቀው ነው። ፍሬምወርኮቹም በዋናነት የሚለያዩት ችግሩን ወደ የትኛው ደረጃ እንደሚገፉት ነው።

ፍላተር እና ሪአክት ኔቲቭ

የጉግል ፍላተር አዝራሩንም ጽሑፉንም ራሱ ስለሚስል ገጽታው ከስልክ ስልክ እምብዛም አይለዋወጥም። የስልኩን አገልግሎት መጥራት ሲያስፈልገው ጥሪው ሜተድ ቻነል በሚባል የመልእክት መስመር ከዳርት (ከፍላተር ቋንቋ) ወደ አንድሮይዱ ኮትሊን ወይም ወደ አይኦኤሱ ስዊፍት ይሻገራል። መስመሩ የሚታወቀው በተጻፈለት ስም ብቻ በመሆኑ በሁለቱ ወገን አንድ ፊደል ቢለያይ ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው መሣሪያ) አያስጠነቅቅም፤ ስህተቱ የሚወጣው ተጠቃሚው አዝራሩን ሲነካ ነው። በብዛት የሚያጋጥመው «ሚሲንግ ፕለጊን ኤክሴፕሽን» የሚለው መልእክት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አዲስ ፕለጊን (የስልኩን አገልግሎት የሚጠራ ፓኬጅ) ከተጨመረ በኋላ አበልጻጊው መተግበሪያውን ሳያቆም በሆት ሪሎድ (የዳርት ለውጡን ብቻ በማደስ) ሲቀጥል ነው። መድኃኒቱም መተግበሪያውን ሙሉ በሙሉ አቁሞ እንደገና ቢልድ ማድረግ ነው። ያ ካልሠራ ፕለጊኑ ለዚያ ስርዓተ ክወና ድጋፍ ጨርሶ ላይኖረው ይችላል፤ ይህ ደግሞ በማረም የሚፈታ ስላልሆነ ፓኬጁ ከመመረጡ በፊት በፓኬጆቹ ማውጫ ላይ የትኞቹን ስርዓተ ክወናዎች እንደሚደግፍ መመልከት ይገባል። ከጀርባ በሚሠራ አይሶሌት (ከዋናው ሥራ ተለይቶ በሚሄድ የዳርት ክፍል) ውስጥ ፕለጊን መጥራት የተቻለው በ2023 ከወጣው ስሪት 3.7 ጀምሮ ሲሆን፣ ያም ቢሆን ልዩ ዝግጅት ይጠይቃል።

የራሱን ቻነል የሚጽፍ ቡድን ፒጅን የተባለውን መሣሪያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢጠቀም ይሻለዋል፤ የሁለቱን ወገን ኮድ ከአንድ መግለጫ ስለሚያመነጭ፣ በሥራ ጊዜ ይፈነዳ የነበረውን የስምና የዓይነት ስህተት ወደ ቢልድ ጊዜ ያመጣዋል። ካርታን ወይም ድረ ገጽን በፍላተር ገጽ ውስጥ መሰካት ግን አሁንም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የስርዓተ ክወናው የራሱ ቁስ ፍላተር በሚስለው ገጽ መካከል ሲገባ የቁልፍ ሰሌዳ፣ የማንሸራተትና የፍጥነት ችግሮች ይዞ ሊመጣ ይችላል። የዴስክቶፕ ድጋፉ ለዊንዶውስ በየካቲት፣ ለማክኦኤስና ለሊኑክስ ደግሞ በግንቦት አካባቢ፣ በፈረንጆቹ 2022፣ የተረጋጋ ተብሎ ወጥቷል። ዋናው አካል ይህን ድጋፍ ቢይዝም ለስልክ የተጻፉ ብዙ ፓኬጆች አልተከተሉትም፤ ይህ ክፍተት ጎልቶ የሚታየው በሊኑክስ ላይ ነው።

በ2015 በፌስቡክ ይፋ የሆነው ሪአክት ኔቲቭ የስርዓተ ክወናውን የራሱን አዝራርና የጽሑፍ ሳጥን ይጠቀማል። ስለዚህ ጽሑፍ መምረጥ፣ ማንሸራተትና ለማየት የተሳናቸው ተጠቃሚዎች የሚገለገሉበት የስክሪን አንባቢ ተጨማሪ ሥራ ሳይጠይቁ ከስርዓተ ክወናው ጋር ይስማማሉ፤ ይህ በእኔ ሚዛን ትልቅ ነጥብ ነው። ቀድሞ በጃቫስክሪፕትና በስልኩ መካከል የሚሄደው መልእክት ወደ ጄሰን (የጽሑፍ የመረጃ ቅርጸት) እየተለወጠ በአንድ ድልድይ ላይ ያልፍ ነበር። ከ2024ቱ ስሪት 0.76 ጀምሮ ግን አዲሱ አወቃቀር ነባሪ ሆኗል፤ ጃቫስክሪፕቱ የሲ ፕላስ ፕላሱን ኮድ በቀጥታ ይጠራል፣ የሞጁሉ (የስልኩን አገልግሎት የሚያቀርበው የኮድ ክፍል) መግለጫም በቢልድ ጊዜ ይፈተሻል። የዚህ ሽግግር ዋጋ የወደቀው ለረጅም ጊዜ ያልታደሱ ቤተ መጻሕፍት (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ላይ ነው። የቆየ ፕሮጀክት የሚረከብ ሰው የእያንዳንዱን ቤተ መጻሕፍት ሁኔታ ሳያጣራ የጊዜ ቃል ባይገባ ጥሩ ነው።

በሪአክት ኔቲቭ ላይ በተደጋጋሚ የሚነበበው ስህተት አንድ ሞጁል «አልተገኘም» የሚለው ነው። ከ2019ኙ ስሪት 0.60 ወዲህ ማገናኘቱ በራሱ የሚከናወን ቢሆንም፣ በአይኦኤስ በኩል የኮኮአፖድስ (የፓኬጅ አስተዳዳሪው) ጭነት ካልተደገመና መተግበሪያው እንደገና ካልተገነባ ጃቫስክሪፕቱ የሚጠራው ሞጁል በስልኩ ላይ በተጫነው ፋይል ውስጥ አይኖርም። በኤክስፖ ጎ (ኮዱን ያለ ቢልድ በስልክ በሚያሳይ የመሞከሪያ መተግበሪያ) የሚሞክሩ ሰዎች የሚደናገሩትም በዚሁ ነው፤ ያ መተግበሪያ አስቀድመው የተወሰኑ ሞጁሎችን ብቻ ስለያዘ ከእነሱ ውጭ ያለውን ለመሞከር የራስን የማበልጸጊያ ቢልድ መሥራት ግድ ነው። ሌላው ጊዜ የሚያባክነው ጉዳይ ሎጉን (የክንውን መዝገቡን) በተሳሳተ ቦታ መፈለግ ነው፤ የጃቫስክሪፕቱ ስህተት በሜትሮ (ጃቫስክሪፕቱን ለመተግበሪያው በሚያቀርበው መሣሪያ) መስኮት ወይም በሪአክት ኔቲቭ ዴቭቱልስ ላይ ቢታይም መተግበሪያው በድንገት ሲዘጋ መንስኤው የሚጻፈው በአንድሮይዱ ሎግካት ወይም በኤክስኮድ ኮንሶል ላይ ነው።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የፍላተር ብልሽት በጠባብ ቦታ፣ ማለትም በቻነሉና በፕለጊኑ ላይ ይሰበሰባል፤ የሪአክት ኔቲቩ ደግሞ በኖድ ፓኬጆች፣ በኮኮአፖድስና በግሬድል መካከል ይበተናል። የስዊፍትና የኮትሊን ባለሙያ ለሌለው አነስተኛ ቡድን ፍላተርን አስቀድማለሁ። ሪአክት ኔቲቭን የሚመርጥ ሰው ደግሞ የአንድሮይድና የአይኦኤስ ፎልደሮችን ከማዋቀሪያ ፋይል እንደገና የሚያመነጨውን ኤክስፖን አብሮ ቢይዝ የስሪት ማሻሻያው ሸክም በእጅጉ ይቀልለታል። ለዴስክቶፕ ግን የዊንዶውስና የማክኦኤስ ድጋፉ በማይክሮሶፍት በኩል ለብቻው የሚዘጋጅ መሆኑ፣ ስሪቱም ከዋናው ኋላ ሊቀር እንደሚችል መታወቅ አለበት።

ዶትኔት ማዊ እና ኮትሊን መልቲፕላትፎርም

በ2022 የወጣው የማይክሮሶፍቱ ዶትኔት ማዊ የዛማሪን ፎርምስ ተተኪ ነው። የአንድሮይድና የአይኦኤስን ኤፒአይ (የአገልግሎት መጥሪያ) ከሲ ሻርፕ ቋንቋ በቀጥታ መጥራት ስለሚያስችል በመካከል በእጅ የሚጻፍ የመልእክት መስመር የለውም፤ የስም ስህተትም በኮምፓይለሩ ይያዛል። ችግሩ የሚመጣው ከሥር ባለው ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ የአይኦኤስ ወርክሎድ (ለብቻው የሚጫን የዶትኔት ክፍል) ከተወሰነ የኤክስኮድ ስሪት ጋር የታሰረ በመሆኑ ኤክስኮድ በራሱ ሲታደስ ትናንት ይሠራ የነበረው ቢልድ ዛሬ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ የቢልድ ማሽኑ ራሱን እንዳያድስ ማድረግ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ላይ የፋይል መንገዱ ከ260 ፊደላት ሲያልፍ የሚፈጠረው ግራ የሚያጋባ ስህተት ፕሮጀክቱን ወደ ድራይቩ ሥር በማዛወር ይፈታል። ለመራጩ ከሁሉ በላይ የሚከብደው ግን የድጋፍ ዘመኑ ነው፤ ዶትኔት 8 ራሱ እስከ ኅዳር 2026 የሚደገፍ ሲሆን የማዊ 8 ድጋፍ ያበቃው በግንቦት 2025 ነው። በየዓመቱ ለማሻሻል ያልተዘጋጀ ድርጅት ይህን ቢያስብበት ይበጃል። ለሊኑክስ ይፋዊ ድጋፍ የለም፤ በማክኦኤስ ላይም የሚሠራው በማክ ካታሊስት (የአይፓድ መተግበሪያን በማክ በሚያስኬደው የአፕል ቴክኖሎጂ) በኩል ነው።

ኮትሊን መልቲፕላትፎርም የተለየ አስተሳሰብ አለው። በኅዳር 2023 የተረጋጋ የተባለው ይህ የጄትብሬይንስ መንገድ የሥራውን አመክንዮ ብቻ አጋርቶ ገጽታውን ለየስርዓተ ክወናው መተው ይፈቅዳል፤ ገጽታውንም ማጋራት ለሚፈልግ የኮምፖዝ መልቲፕላትፎርም የአይኦኤስ ድጋፍ በግንቦት 2025 የተረጋጋ ሆኗል። በአንድሮይድ በኩል ኮዱ ተራ የኮትሊን ኮድ ስለሆነ የትስስር ችግር የለም ማለት ይቻላል። በአይኦኤስ በኩል ግን ኮትሊኑ ወደ ስዊፍት የሚደርሰው በኦብጀክቲቭ ሲ በኩል ሲሆን በዚያ መሻገሪያ ላይ የዓይነቶቹ ዝርዝር በከፊል ይጠፋል። አደገኛው ደግሞ አስቀድሞ በግልጽ ያልተመለከተ ኤክሴፕሽን (የሥራ ጊዜ ስህተት) ወደ ስዊፍት ሲሻገር ስዊፍቱ ሊይዘው አለመቻሉና መተግበሪያው ወዲያው መዘጋቱ ነው። ስለዚህ ይህ ምርጫ የሚበጀው አስቀድሞ የአንድሮይድም የአይኦኤስም ባለሙያ ላለው ቡድን ነው፤ ለእንዲህ ያለው ቡድን ከስድስቱ ሁሉ ይህን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ብልሽት ሲመጣ ሁለቱም ወገኖች የለመዱትን መሣሪያ ይዘው መመርመር ይችላሉ።

ኤሌክትሮን እና ታውሪ

በድረ ገጽ ቋንቋዎች የዴስክቶፕ መተግበሪያ የሚሠራበት ኤሌክትሮን ክሮሚየምንና (አሳሹን) ኖድን (ከአሳሽ ውጭ የጃቫስክሪፕት ማስኬጃውን) ከእያንዳንዱ መተግበሪያ ጋር ይዞ ይሄዳል። መጠኑ የሚተችበትም፣ አስተማማኝነቱ የሚመሰገንበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ በዊንዶውስ የታየው ገጽ በሊኑክስም ያው ነው። የተለመደው ብልሽቱ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ የኖድ ሞጁል በሌላ የሞጁል ስሪት ቁጥር ተገንብቷል የሚለው መልእክት ሲሆን፣ ሞጁሉን ለኤሌክትሮን እንደገና በመገንባት ይፈታል። ከቆየ መማሪያ ኮድ የሚቀዳ ሰው ደግሞ «ሪኳየር» (የኖድ ሞጁል መጥሪያው) አይታወቅም የሚል ስህተት ያገኛል፤ ለደኅንነት ሲባል ገጹ ከኖድ እንዲለይ ስለተደረገ ጥሪው በፕሪሎድ (ከገጹ በፊት በሚጫን) ፋይል በኩል ማለፍ አለበት፣ ጥበቃውን ማጥፋት ግን መፍትሔ አይደለም። ኤሌክትሮን ለሞባይል አይሆንም።

በረስት ቋንቋ የተጻፈው ታውሪ የስርዓተ ክወናውን የራሱን ዌብቪው (ድረ ገጽ ማሳያ) ስለሚጠቀም ፋይሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ከጥቅምት 2024ቱ ስሪት 2 ጀምሮም አንድሮይድንና አይኦኤስን ይደግፋል። ሆኖም በዊንዶውስ ዌብቪው 2፣ በማክኦኤስ የአፕል ዌብኪት፣ በሊኑክስ ደግሞ ዌብኪት ጂቲኬ ስለሚሠራ አንድ ገጽ በሦስት የተለያዩ ሞተሮች ይነበባል። የቆየ ማክኦኤስ የያዘ ተጠቃሚ የቆየ ዌብኪት ይዟል ማለት ነውና አዲስ የሲኤስኤስ (የገጽ ማስዋቢያ ቋንቋ) ባሕርይ በእሱ ማሽን ላይ ላይሠራ ይችላል። በሊኑክስም ታውሪ 1 የሚፈልገው የዌብኪት ስሪት ከኡቡንቱ 24.04 በመውጣቱ የቆዩ ፕሮጀክቶች እዚያ ላይ መገንባት አቁመዋል። በስሪት 2 ላይ አንድ ትእዛዝ «አልተፈቀደም» ቢባል ከኮዱ በፊት የሚታየው የፈቃድ ፋይሉ ነው። የፋይል መጠን ቁርጥ ያለ መስፈርት ካልሆነ በቀር፣ ብዙ ዓይነት ማሽን ላላቸው ደንበኞች የሚሠራ ቡድን በኤሌክትሮን ያነሰ የጥገና ጥሪ ይደርሰዋል።

የትኛውም ፍሬምወርክ የማያድንባቸው

አንዳንድ ብልሽቶች የፍሬምወርኩ ጥፋት ሳይሆኑ በእሱ ይሳበባሉ። በአይኦኤስ ካሜራ ወይም ማይክሮፎን የሚፈለግበት ምክንያት በኢንፎ ፒሊስት (በመተግበሪያው ማዋቀሪያ ፋይል) ካልተጻፈ መተግበሪያው አገልግሎቱን በጠራበት ቅጽበት ይዘጋል። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ማሳወቂያ ለመላክ ከተጠቃሚው ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ስለሆነ «ማሳወቂያው አይመጣም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሣል። የጉግል መግቢያ በዲበግ ሠርቶ ከፕሌይ ስቶር ሲወርድ እምቢ ካለ፣ መደብሩ መተግበሪያውን በራሱ ቁልፍ ስለሚፈርም የዚያ ቁልፍ አሻራ መመዝገቡ ይጣራ። ፍላተር ለአንድሮይድ በሚያዘጋጀው ጅምር ፕሮጀክት የኢንተርኔት ፈቃዱ በዲበግና በፕሮፋይል ማኒፌስት (የመተግበሪያ መግለጫ ፋይል) ውስጥ ብቻ ስለሚገኝ የሪሊዝ ቢልዱ መረብ አጣ የሚለው ችግርም የአንድ መስመር ጉዳይ ነው። በማዊ ላይ ደግሞ የማይፈለግ የመሰለውን ኮድ ቆርጦ የሚጥለው ትሪሚንግ በሪፍሌክሽን (በሥራ ጊዜ በስሙ ተፈልጎ) የሚጠራውን ክፍል አብሮ ሊቆርጥ ይችላል፤ በአንድሮይድ በኩል ያንኑ የሚያደርገው አር 8 ነው። ከኅዳር 2025 ወዲህ ፕሌይ ስቶር አንድሮይድ 15ንና ከዚያ በላይ ያነጣጠሩ መተግበሪያዎች ባለ 16 ኪሎባይት የማህደረ ትውስታ ገጽ እንዲደግፉ ስለሚጠይቅ በውስጡ የተገነባ የሲ ቤተ መጻሕፍት የያዘ የቆየ ፕለጊን ማሻሻያውን ሊያስመልስ ይችላል።

በሁለት ፍሬምወርኮች መካከል የቆመ ቡድን የመግቢያ ገጽ በመሥራት ቢያወዳድራቸው ምንም አይለይም፤ ሁለቱም ያምራሉ። ከሚሠራው መተግበሪያ ውስጥ ለስርዓተ ክወናው በጣም የቀረበውን አንድ ተግባር፣ ለምሳሌ ከጀርባ ሆኖ ቦታን መከታተልን ወይም ከብሉቱዝ ማተሚያ ጋር መነጋገርን፣ ይምረጥ። ከዚያም በሁለቱም ሠርቶ፣ በሪሊዝ ቢልድ ፈርሞ፣ በሲሙሌተር ሳይሆን በእውነተኛ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ይጫነው። ፈቃዱን ሆን ብሎ ይከልክል፣ መረቡን ያቋርጥ፣ መተግበሪያውን ከጀርባ ይዝጋው፤ በየወቅቱ የወጣውን የስህተት መልእክት ከቡድኑ አባላት ማን አንብቦ እንደተረዳው ይመዝግብና በዚያ ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ ይወስን።