ጎፋ ላለው መካኒካችን፣ ለጋሼ፦ እግዜር ይስጥልኝ

12 ዓመት የነዳኋትን ቪትዝ ባለፈው ሳምንት ሸኘኋት። በምትኳ የኤሌክትሪክ መኪና ገባ። ይህን የምጽፈው ግን አዲሷን ላሳያችሁ አይደለም። 200 ሺህ ብር ከእጄ ሊወጣ ሲል የያዙልኝን ሰው ላመሰግን ነው።

ጋሼ ጎፋ አካባቢ ጋራዥ አላቸው። «ስሜን አደባባይ አታውጪው» ስላሉኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ የመኪና መሸጫው ደጃፍ ሁሉ የቻይና ኤሌክትሪክ ሆኗል። አሮጌውን ተቀብለው፣ ልዩነቱን አስጨምረው አዲስ የሚሰጡም አሉ። ሦስት ቦታ ጠየቅሁ። አንዱ ቪትዟን 1 ሚሊዮን 750 ሺህ አላት። ሌላው 1 ሚሊዮን 550 ሺህ። ሦስተኛው «ሽጠሽ ነይ» ብሎ ገላገለኝ። ልቤ ወዲያው ወደ መጀመሪያው ሄደ። ቡናም ጋብዘውኛል።

ጋሼ ጋ የሄድኩት ዘይት ቀይሬ ላስረክባት ብዬ ነበር። «ልጄ፣ ያንቺን ስንት እንዳሏት ተይው። ስንት ጨምሪ አሉሽ?» አሉኝ። የፊልትሮ ካርቶን ቀድደው ጀርባው ላይ ጻፉት። የመጀመሪያው የራሱን መኪና 3 ሚሊዮን 350 ሺህ ይላል፤ ጭማሪው 1 ሚሊዮን 600 ሺህ። ሁለተኛው ያንኑ ሞዴል፣ ያንኑ ባትሪ፣ በ2 ሚሊዮን 950 ሺህ፤ ጭማሪው 1 ሚሊዮን 400 ሺህ። ለካ ሰውዬው ቪትዜን ያስወደደልኝ በራሴ ብር ነው!

ሦስተኛውንም አሰሉልኝ። ቪትዟ በ1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብትሸጥ፣ 2 በመቶ ለደላላ ወጥቶ፣ የእሱ መኪና ደግሞ 2 ሚሊዮን 930 ሺህ ነው፤ ከሁለተኛው ይልቅ 38 ሺህ ብር አተርፋለሁ። ለ38 ሺህ ብዬ «ወንድሜን ላሳየው» የሚል ገዢ ስሸኝ አልከርምም። ሁለተኛውን ያዝኩ።

ከዚያ ጋሼ ማግኔት በመሐረብ ጠቅልለው የቪትዟን ጎን ዳሰሱ። ግራ የኋላ በር ላይ ሲደርሱ ማግኔቷ አልይዝ ብላ ወደቀች። ስቱኮ ነው፤ የድሮ ግጭት። «ቀድመሽ ንገሪያቸው። ራሳቸው ካገኙት በዚህ ሰበብ ያወርዱሻል» አሉኝ። ነገርኳቸው። ፊታቸው ትንሽ ጠቆር አለ፣ ዋጋው ግን አልተነቃነቀም።

በርክክቡ ቀንም አብረውኝ መጡ። የአዲሷን ሻሲ ቁጥር ከዲክላራሲዮኑ፣ ከጉምሩክ ወረቀቷ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ሻጩ «ውክልና ብቻ ስጪን፣ ስሙን በኋላ እናዞረዋለን» ሲል ደግሞ ጋሼ የቪትዟን ቁልፍ ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱት። ነገ አንዱ ይዟት ወጥቶ ሰው ቢገጭ፣ ሊብሬው ላይ ያለው የእኔ ስም ነው። አራት ቀን ፈጀ፤ ስሙ ዞረ፤ ቁልፉ ተሰጠ።

ለዚህ ሁሉ የተቀበሉኝ ቁርጥ ሒሳብ ነው። ከሻጭ ኮሚሽን አይነኩም። የኤሌክትሪክ ነገር ላይ ደግሞ «እኔ አላውቀውም» ብለው ሌላ ልጅ ጠሩ፤ ኮምፒውተር ሰክቶ ባትሪውን ያየው እሱ ነው። እንዲህ የሚል መካኒክ ስንት አለ?

ስልክ ግን አያነሱም። ከሰዓት በኋላ ራሳችሁ ሂዱ።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቡና ይዤ እመጣለሁ።